ክሩን እኔ እገዛለሁ

ጅማ ውስጥ አንድ ሰው ፈረንጅ አራዳ በረንዳ ላይ ተቀምጦ በአንድ ስኒ ቡና ግማሽ ቀን ቢያሳልፍ ማንም ምንም አይለውም። እንዲያውም ይከበራል። ባጃጁን ያያል፣ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ይላል፣ በቃ። ያው ሰው ከቦርሳው ሁለት የሹራብ መርፌና ጥቅል ክር ካወጣ ግን ነገሩ የሕዝብ ጉዳይ ይሆናል።

እኔ የያዝኩት ባለ መስመር የዳንቴል ሻርፕ ነው። ሰፋ ያለ፣ ትከሻ የሚሸፍን። የጅማ ዝናብ አንዴ ከጀመረ ለማቆም አይቸኩልም፣ እጅን ሥራ የማያስፈታ ነገር ያስፈልጋል። ይህን ማስረዳት ግን የለብህም፤ ምክንያቱም "ምን እየሠራህ ነው?" የሚል የለም። ጥያቄው "ለማን ነው?" ነው። "ለእናቴ" ካልክ ትመረቃለህ። "ለራሴ" ካልክ ጠያቂው ትንሽ ዝም ይልና ስለ ጤንነትህ ይጠይቅሃል።

የሚገርመው እኮ፣ እዚህ አገር ሴት ስትፈትል ወንድ ሲሸምን ነው የኖረው። ያ የምትኮራበትን ጋቢ የሠራው ጢም ያለው ሰው ነው። አንድ መርፌ የያዘ ወንድ ልብስ ሰፊ ይባላል፣ ሠርግ ሲደርስ ይለመናል። ሁለት የያዘ ጊዜ "ምን ነካው?" ይመጣል።

ሥራው ራሱ ቀላል ነው፣ ሰው ከተወህ። የኔው ሞገድ የሚመስለው ንድፍ ነው፣ የስኮትላንድ ሼትላንድ ደሴቶች ሴቶች ሲሠሩት የኖሩት። በየ18 የክር ቀለበት ይደጋገማል። መርፌው ላይ ክር ደርበህ ቀዳዳ በከፈትክ ቁጥር አንድ ቀለበት ይጨምርብሃል፣ ስለዚህ ሌላ ቦታ ሁለቱን አንድ ላይ ሠርተህ ትቀንሳለህ፤ 6 ቀዳዳ ከከፈትክ 6 ጊዜ መቀነስ ነው፣ አለዚያ ሻርፑ በየረድፉ እየሰፋ ሄዶ የለቅሶ ድንኳን ይወጣዋል። ታዲያ 14 ላይ ስትደርስ ሰላምታ ይመጣል። ደህና ነህ? እንዴት ነህ? እናትህ? ሥራስ? ዝናቡስ? አለመመለስ ነውር ነው። ሁሉን መልሰህ ስትጨርስ ቁጥሩ የለም። የዳንቴል ሰዎች አንድ ዘዴ አላቸው፤ ሌላ ቀለም ያለው ቀጭን ክር በአንዱ ረድፍ ቀለበቶች ሁሉ ውስጥ ያሳልፋሉ፣ ቢበላሽና ቢተረተር እዚያ ላይ ይቆማል። ይህን የፈጠረው ሰው ዘመድ የበዛበት መሆን አለበት።

መስመሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ቀለም በቀየርክ ቁጥር ሁለት የክር ጫፍ ይንጠለጠላል፣ አንዱ ያለቀው፣ አንዱ የጀመረው፣ እና መጨረሻ ላይ እያንዳንዷን በመርፌ ወደ ውስጥ ትደብቃለህ። ይህ የኔ ችግር ነው፣ ሕዝቡን አይመለከትም። ሕዝቡን የሚመለከተው ቀለሙ ነው። ጥቁርና ነጭ ያልኩ እንደሆነ ጁቬንቱስ። ቀይና ጥቁር ሚላን። ሰማያዊና ጥቁር ኢንተር። "የአገርህን ክለብ አባ ጅፋርን ትተህ?" የሚለኝም አለ፣ በ2010 ዓ.ም. ዋንጫ የበላነው በኔ ሻርፕ ይመስል። ሦስት ቀለም ከሆነማ ተወው፤ የትኛውንም ሦስት ብትመርጥ የሆነ ፓርቲ ባንዲራ ነው፣ ወይም ይሆናል ተብሎ ይጠረጠራል።

ጎረቤታችን ያሉ እናት ደግሞ በፖለቲካው የሉበትም፣ ቀዳዳው ነው ያስጨነቃቸው። "ልጄ፣ ይህን ሁሉ ለፍተህ ብርድ የሚያስገባ?" የሱፍ ዳንቴል አየር አምቆ እንደሚያሞቅ ልነግራቸው ሞከርኩ። አላመኑም። እንግዲያው ላስደንቃቸው ብዬ ሩሲያ ውስጥ ኦረንበርግ የሚባል አገር ከፍየል ጸጉር የሚሠራው የትከሻ ልብስ ከስስነቱ የተነሳ በጋብቻ ቀለበት ውስጥ ሾልኮ እንደሚያልፍ አወራኋቸው። ትክ ብለው አዩኝ። "አንተ መጀመሪያ ቀለበቱን አግኝ" አሉኝ።

ይህ ሁሉ ግን ከአንዲት ዓረፍተ ነገር አይብስም። "ለኔም ሥራልኝ፣ ክሩን እኔ እገዛለሁ።" ስንት ሰው ነው እንዲህ የሚለኝ! ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ገበያ የለመደ ከተማ ነው፣ የቡና ዋጋ በሳንቲም ያውቃል፣ ማር ቀምሶ ስኳር የገባበትን ይለያል። የእጅ ሥራ ላይ ሲደርስ ሒሳቡ ይጠፋዋል። ባርጩማ ሊገዛ ሄዶ "ግንዱን እኔ አመጣለሁ፣ አንተ በነፃ ፈልፍልልኝ" የሚል ጅማዊ አላየሁም። ከእኔ ዘንድ ሲመጣ ግን ድካሙ ነፃ ነው፣ ምክንያቱም "ለነገሩ ቁጭ ብለህ ነው"። ክሩንም እኮ አይገዛም። ቢገዛም አንዱን ጥቅል ዛሬ አንዱን ከወር በኋላ ያመጣል፤ ያኔ አንድ ነው የተባለው ቀለም ለየብቻ የተነከረ ስለሆነ ጎን ለጎን ሲሆን ይለያል። "አበላሸኸው እንዴ?" ይለኛል ደግሞ።

እንደምንም አለቀ። ዳንቴል ከመርፌ ሲወርድ ጭምድድ ያለ ነገር ነው፣ ንድፉ የሚታየው ውሃ ነክረህ፣ ጨምቀህ፣ ወጥረህ ዙሪያውን በስፒል ስትይዘው ነው። ሰፊ ቦታ የለኝም፣ አልጋዬ ላይ ወጠርኩት። በዚህ ዝናብ የሚደርቅ መሰላችሁ? እኔ ወንበር ላይ ነኝ፣ ሻርፑ አልጋ ላይ ነው። ታመመ ተብሎ ሊጠይቁኝ የመጡ አሉ።

ከእነሱ አንዷ አክስቴ ናት። የእሷ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ የለም፤ ቴሌቪዥኑ ቀጥኖ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ወዲህ የሱ ዳንቴል ሥራ ፈቶ ሬዲዮኑ ላይ ተጠግቷል። ገብታ አልጋውን በስንዝር ለካች። ራሷን ነቀነቀች።

"ለፍሪጄ ልክ ነው" አለች። "ግን አቧራ ያስገባል። የሚቀጥለውን ደፈን አድርገው።"