ቅዱሱ ጽዋ ጨለማ ውስጥ ይቆይ

አሮጌ ታፔስትሪ (ሥዕል በክር የተሸመነበት የግድግዳ ጨርቅ) አይታችሁ ከሆነ ቅጠሉ ሰማያዊ የሆነ ዛፍ ሳያጋጥማችሁ አልቀረም። ሸማኔው ተሳስቶ እንዳይመስላችሁ። ያን ጊዜ አረንጓዴ ክር የሚገኘው ክሩ መጀመሪያ ሰማያዊ ተነክሮ ከላዩ ቢጫ ሲደረብበት ነበር። ከተክል የሚወጣውን ቢጫ ብርሃን ቀድሞ ይበላዋል፣ ሰማያዊው ብቻውን ይቀራል።

“ሙዚየሞች ያላቸውን ዕቃ መጋዘን ውስጥ ለምን ይቆልፉበታል?” የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ይህ ሰማያዊ ቅጠል ትዝ ይለኛል። እንግሊዝ አገር የበርሚንግሃም ሙዚየም በንጉሥ አርተር አፈ ታሪክ ላይ የተሠሩ፣ የንጉሡ ፈረሰኞች ቅዱሱን ጽዋ ሲፈልጉ የሚያሳዩ ታፔስትሪዎች አሉት። የሚያወጣቸው ግን አልፎ አልፎ ነው። ደግ አደረገ እላለሁ።

ንድፉ የተጀመረው በ1890 እ.ኤ.አ. ነው። በአውስትራሊያ ወርቅ የከበረው ዊሊያም ኖክስ ዳርሲ (ኋላ በፋርስ ነዳጅ ያስቆፈረው ሰውዬ) ለመመገቢያ ክፍሉ ግድግዳ አዘዘ። በሥዕሉ ላይ ያሉትን ሰዎች ሠዓሊው ኤድዋርድ በርን-ጆንስ ነደፈ። አበባና ሣሩ በአብዛኛው የጆን ሄንሪ ዲርል ነው። ሽመናው የተሠራው መርተን አቢ በሚባለው የንድፍ ባለሙያው የዊሊያም ሞሪስ ወርክሾፕ ነው። በርሚንግሃም ያሉት በዚያው ንድፍ ቆይተው ለሌላ ባለሀብት የተሸመኑ ናቸው። ሸማኔዎቹ ከጨርቁ ጀርባ ተቀምጠው፣ የሥራቸውን ፊት በመስተዋት እያዩ ነበር የሚሠሩት። ትልቁ ታፔስትሪ ወርዱ ወደ 7 ሜትር ይጠጋል። እዚያ ላይ ከአርተር ፈረሰኞች አንዱ ጋላሃድ ጽዋው ካለበት ደጃፍ ተንበርክኳል። ጓደኞቹ ቦርስና ፐርሲቫል ራቅ ብለው ቆመዋል፣ መላእክት መንገዱን ዘግተውባቸዋል። በሌላኛው ላይ ደግሞ ሌላው ፈረሰኛ፣ ምስኪኑ ላንስሎት፣ ደጅ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል።

ችግሩ ብርሃን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ታፔስትሪ ብዙ ጊዜ በጎን ስለሚሸመን፣ ሲሰቀል ጠንካራው ድር አግድም ይተኛል። ያን ሁሉ ክብደት የሚሸከመው ማጉ ነው። ማጉ ውስጥ ሐር አለ፤ ሐር ደግሞ ሲያረጅ ይሰባበራል። ሱፉን ብል ይወዳል። ለዚህ ለዚህስ መላ አለ። አቧራው በቀስታ ይሳባል፣ የሳሳው ቦታ ከኋላው በፍታ ይደረግለትና በቀጭን ክር ይሰፋል። እጅ የሚፈጅ፣ ወራት የሚወስድ ሥራ ነው፣ ግን ይቻላል።

የሄደን ቀለም ግን የሚመልስ ባለሙያ የለም። ለዚህ ነው እንዲህ ላለ ጨርቅ 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ገደማ ብርሃን ብቻ የሚፈቀደው። ከተለመደ የቢሮ መብራት ጋር ሲተያይ ድንግዝግዝ ማለት ነው። እሱም ቢሆን ጉዳቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ዛሬ ያገኘው ብርሃን በትናንቱ ላይ ይደመራል። ለረጅም ጊዜ ተሰቅሎ ቢቆይ እኛ እናየዋለን፣ ግን ከልጅ ልጆቻችን ድርሻ ላይ ቆርሰን ነው።

ሙዚየሞችን የምወቅስበት አንድ ነገር አለኝ። ታፔስትሪ ሲያወጡ ቀኑን ከብዙ ወራት በፊት ይናገሩ። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ትኬት የሚቆርጥበት ጊዜ ይፈልጋል። ሌላው ደግሞ ጀርባውን ፎቶ አንስተው ከጎኑ ይስቀሉልን። ብርሃን ያልነካው ጀርባ ላይ ቅጠሉ ምን ያህል አረንጓዴ እንደነበር ይታያል።