ገነተ ልዑል ሲታደስ የየትኛው ዘመን አሻራ ይፋቃል?

ስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚሄድ ሰው ከሕንፃው ፊት ለፊት የትም የማያደርስ ደረጃ ያያል። ጣሊያኖች የሠሩት ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ የፋሺስት አገዛዝ ዓመት ይቆጥራል። ከነፃነት በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ ጫፉ ላይ የአንበሳ ሐውልት ቆመበት። አሮጌ ቤት ለማደስ የሚነሳ ሁሉ አስቀድሞ ይህን ቢያይ እመኛለሁ።

እድሳት ሲነሳ «ወደ ቀድሞ መልኩ እንመልሰው» ይባላል። የትኛው ቀድሞ? ገነተ ልዑልን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከወረራው በፊት አሠሩት። በ1928 ሲሰደዱ የጣሊያን እንደራሴ ገባበት። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ግቢ፣ ለድሆች ምጽዋት ሊታደል በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ነው። በ1933 ንጉሠ ነገሥቱ ተመለሱ። ታኅሣሥ 1953 የመፈንቅለ መንግሥቱ መሪዎች ያገቷቸውን መኳንንትና ሚኒስትሮች አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ረሸኑ፤ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ የወደቁት እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ለትምህርት ተሰጠ፤ ታኅሣሥ 1954 የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀበት።

ስለዚህ ቀለም ቀቢ ከመግባቱ በፊት በየክፍሉ መዳፍ የምታህል ቦታ በስል ምላጭ ቀስ ተብሎ እስከ ልስኑ ትላጥ። የሚወጣው ቀለም ሁሉ ከላይ ወደ ታች ቁጥር ተሰጥቶት ፎቶ ይነሳ፤ ያቺም ቦታ ሳትቀባ ትቅር። የበር እጀታና ማጠፊያ ከመነቀሉ በፊት የክፍሉ ስም ይታሰርበት። አንዴ ካርቶን ውስጥ ከተቀላቀለ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ማንም አይለየውም።

በከተማችን አሮጌ ቤቶች ላይ ከሁሉ የከፋው ጥፋት ሲሚንቶ ነው። በኖራ የተለሰነ የድንጋይ ግድግዳ ከመሬት የሳበውን እርጥበት በልስኑ በኩል ያስወጣል። ሲሚንቶ ሲመረግበት ውሃው መውጫ ያጣል፤ ጨው ከውስጥ እየገፋ ልስኑን ያሳብጠዋል፣ ከጥቂት ክረምት በኋላም ይረግፋል። ያን ጊዜ «ግድግዳው አርጅቷል» ተብሎ ሌላ ሲሚንቶ ይለጠፍበታል፤ በሽታው መድኃኒት ተብሎ ይደገማል። አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ ይበቃል። ስስ ስስ ተደርጎ ይለሰን፤ ፀሐይ ቶሎ ካደረቀው ስለሚሰነጠቅ ለቀናት በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሰኔ ሳይገባ የጣሪያው አሸንዳ ይጠረግ፤ ከላይ የሚፈስ ውሃ ካልቆመ የታችኛው ልስን ድካም ብቻ ነው።