ይድረስ ለክቡር ዘጠና ፐርሰንት

ይድረስ ለተከበሩ ኢንዲፔንደንት ዌብ አፕሊኬሽን ዴቨሎፕመንት ኮንሰልታንት፣
ካሉበት።

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከድምፅዎ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ። ማዕረግዎን የጻፍኩት የሱቄን ዌብሳይት ሊሠሩልኝ ሲመጡ ከሰጡኝ ቢዝነስ ካርድ ላይ ገልብጬ ነው። «ኢንዲፔንደንት» የሚለው ያኔ አልገባኝም ነበር። አሁን ገብቶኛል። ከቀጠሮ ነፃ ነዎት። ስልክ ከማንሳትም ነፃ ነዎት።

ባለፈው እሁድ ሁለተኛዋን የባልትና ሱቄን አስመረቅኩ። ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ሽሮና በርበሬ ለሚሸጥ ሰው ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። ቄጠማ ተጎዘጎዘ። የንስሐ አባቴ ጸበል ረጩ። ድፎው ተባርኮ ተቆረሰ። እህቴ ከሲልቨር ስፕሪንግ በቪዲዮ ገባች። እዚያ ገና አልነጋም፣ እሷ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ቁጭ ብላለች።

የወንድሜ ልጅ አዲሱን ቲቪ ግድግዳው ላይ ሰቅሎት ነበር። «አክስቴ፣ ዌብሳይቱን በትልቁ እናሳያቸው?» አለኝ። እኔም ሞኟ «አሳያቸው እንጂ!» አልኩ። ከመደርደሪያው አንድ ኪሎ በርበሬ አንስቶ ሌብሉ ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ በስልኩ ስካን አደረገ። ሁላችንም ወደ ቲቪው ዞርን። እኔማ ለጭብጨባ ተዘጋጅቻለሁ።

መጀመሪያ ሙዚቃው መጣ። ቀጥሎ የወርቅ ሳንቲም ከላይ ወደ ታች ይዘንብ ጀመር። ከሳንቲሙ መሀል አንዲት ሴት ብቅ አለች። የለበሰችው በሙሉ ተደምሮ የነጠላዬን ጥለት አያክልም። ከጎኗ መንኮራኩር ይሽከረከራል። ጽሑፉን ማንም ማንበብ አልቻለም፤ የኢንዶኔዥያ ቁማር መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው።

ቤቱ ጸጥ አለ። አባ መነጽራቸውን አስተካክለው ትንሽ ጠጋ አሉና «ልጄ፣ ይሄ የምኑ በርበሬ ነው?» አሉኝ።

ሪሞቱ ባትሪ አልገባለትም። ልጁ ስልኩን ቢነካካው ሴትዮዋ ጭራሽ እጇን ታወዛውዛለች። በመጨረሻ ሶኬቱን ነቅሎ ገላገለን። እስከዚያው ግን አንድ ጎረቤቴ «ትንሹ ስንት ያስይዛል?» ብሎ ጠይቆ ነበር። እህቴ ምንም ሳትናገር ካሜራዋን አጠፋች። ምስኪን፣ ለካ ሊንኩን ለጽዋ ማኅበሯ ሴቶች ሁሉ በቴሌግራም ልካላቸው ኖሯል።

ከሁለት ወር በፊት ገጹ አልከፈት ሲል ደውዬልዎ እንደነበር ያስታውሳሉ? «አፕግሬድ እያደረግኩት ነው እትዬ፣ በአዲስ መልክ ይመጣል» አሉኝ። በውነቱ ቃልዎን ጠብቀዋል። መጣ።

የሆነውን የወንድሜ ልጅ ነው ቁጭ አድርጎ ያስረዳኝ። ዶሜይን የሚባለው፣ ማለትም የዌብሳይቱ መጠሪያ ስም፣ እንደ ንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል። መጨረሻው ኮም የሚል ከሆነ ከ10 እስከ 20 ዶላር ነው። ቀኑ ሊያልፍ አንድ ወር ሲቀረው ማስታወሻ በኢሜይል ይላካል። ሳምንት ሲቀረው ይደገማል። ካለፈ በኋላም ሌላ ይመጣል። ስሙ ከተሰረዘ እንኳ የቀድሞው ባለቤት እንዲያስመልሰው 30 ቀን ይጠበቅለታል። ከዚያ በኋላ ግን የፈለገ ሰው ይወስደዋል፤ ቁማርተኛም ቢሆን። ያ ሁሉ ማስታወሻ የሄደው ታዲያ ወደ እርስዎ ነው። የሱቄን ስም ያስመዘገቡት በራስዎ ስም ነዋ!

እኔ ደግሞ ጥቅምት ላይ «የዶሜይንና የሆስቲንግ ማደሻ» (ሆስቲንጉ ገጹ የሚቀመጥበት ቦታ ነው አሉ) ብለው የጠየቁኝን ብር እዚያው በቆምኩበት በቴሌብር ልኬያለሁ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላር ጨምሯል ብለው ካለፈው እጥፍ ነው የጠየቁኝ። መጨመሩ እውነት ስለሆነ አልተከራከርኩም። የላኩበት ሜሴጅ ስልኬ ላይ አለ።

ቆይ ግን። አንተ ልጅ፣ ብሩን ምን አደረግከው?

እኔ ያንን ስም ያገኘሁት በአሥራ አንድ ዓመት ነው። ጉሊት ተቀምጬ በጣሳ እየሰፈርኩ ነው የጀመርኩት። አምስት ሴቶች እያስነጠሳቸው፣ ዓይናቸው እያለቀሰ፣ ከጠዋት እስከ ማታ በርበሬ የሚቀነጥሱት በዚያ ስም ነው። የልጆቻቸው የትምህርት ቤት ክፍያ የሚወጣው በዚያ ስም ነው። አንተ አንዲት ቁልፍ መጫን አቅቶህ ለቁማርተኛ ሰጠኸው። ብሩን በልተኸው ቢሆን እንኳ «በልቼዋለሁ» ብለህ ብትነግረኝ ሌላ እከፍል ነበር። ተቆጥቼ፣ ተሳድቤ፣ እከፍል ነበር! ሁለት ወር ሙሉ «አፕግሬድ» እያልክ ቀኑን አሳለፍክብኝ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር።

ይቅርታ። ወደ እርስዎ ልመለስ።

ሥራውን የጀመርነው በሦስት ሳምንት ያልቃል ተባብለን ነው። ግማሹን ቀብድ ወሰዱ። በሦስተኛው ሳምንት «ዘጠና ፐርሰንት አልቋል እትዬ» ሲሉኝ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። በሦስተኛው ወርም ዘጠና ነበር። ፋሲካ ላይ ዘጠና። ክረምቱ ገባ፣ ዘጠና። የሰፈራችን ኮብልስቶን እንኳ በዚያ ጊዜ ውስጥ ፐርሰንቷ ፈቀቅ ብላለች። የት ነው ያለው፣ ልየው ስልዎት ደግሞ «ክላውድ ላይ ነው» አሉኝ። ክላውድ ደመና ማለት መሆኑን ሲነግሩኝ መጠርጠር ነበረብኝ። ላም አለኝ በሰማይ።

«ከባዶ ነው የምገነባው» ብለውም ነበር። ወርድፕረስ የሚባል የዌብሳይት መሥሪያ እንደ ፈረንጆቹ ከ2003 ጀምሮ በነፃ እንዳለና ከዓለም ዌብሳይቶች ከ40 ፐርሰንት በላዩ በሱ እንደሚሠራ የሰማሁት በቅርቡ ነው። በሱ መሥራትዎ ነውር የለውም። እኔም በርበሬ አላበቅልም፤ ማረቆ ያበቀለውን ደልዤ፣ አድርቄ፣ ቀምሜ ነው የምሸጠው። ግን ከጓሮዬ ቀጠፍኩት ብዬ ለማንም አልማልኩም። ቢያንስ ደግሞ ዕቃውን አጥቦ ማቅረብ ነው። «ስለ እኛ» የሚለው ቦታ ላይ የኔ ፎቶ ይገባል ተብሎ ፒዛ የተሸከመ ፈረንጅ ነበር። ከሥሩ ላቲን። ልጁ ሲያጣራው ሲሴሮ የሚባል የሮማ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 የጻፈው ተቆራርጦ ነው፤ ዲዛይነሮች ባዶ ቦታ ይሞሉበታል አለኝ። ሁለት ሺህ ዓመት ያለፈው ሰውዬ ለስምንት ወር ስለ ሽሮዬ ሲመሰክር ከረመ።

ደረሰኝ ስጠይቅዎ «ከቫት ጋር ከሆነ 15 ፐርሰንት ይጨምራል» አሉኝ። እሺ።

የማዘዣ ቅጹን ግን እንዴት ልርሳው! አንዲት ደንበኛዬ ገርጂ ናቸው። ሁለት ኪሎ ሽሮ ፈለጉ። ቅጹ «ስቴት» አላቸው። ተዉት። ቀይ ቀለም መጣ፤ ሳይሞላ አያሳልፍም። «አዲስ አበባ» ብለው እንዳይጽፉ፣ ከአላባማ የሚጀምር ዝርዝር ብቻ ነው ያለው። አላባማ አሉ። ከዚያ «ዚፕ ኮድ» መጣ። እኛ አገር ፖስታ ሳጥን እንጂ ዚፕ ኮድ በርህ ላይ ተለጥፎ የት ይገኛል? የሳቸው አድራሻ ከታክሲ ማዞሪያው ወረድ ብሎ፣ ከጋራዡ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ነው። ሲጨንቃቸው 12345 ብለው ሞሉ። ይሄ ለካ ኒውዮርክ ውስጥ ስኬነክታዲ የምትባል ከተማ እውነተኛ ቁጥር ነው! ማድረሻው በአሜሪካ ዋጋ ተሰላና ከሽሮው በለጠ። ሴትዮዋ ደውለው «ልጄ፣ ገርጂ እኮ ነው ያለሁት» አሉኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ ጥርጣሬ ነበር። ስነግርዎ «ዩዘሩ ነው ያጠፋው» አሉኝ። ዩዘሩ የሰባ ዓመት እናት ናቸው።

በአማርኛ የተጻፈው ትዕዛዝ ሁሉ ደግሞ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመጣልኝ ነበር። ስም፦ ???? ?????። ማሳሰቢያ፦ ????? ???? ???። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ ዲግሪውን ጨርሷል። «ሰርቨሩ ነው» አሉኝ። ምንጊዜም ሰርቨሩ ነው። እነዚያ ደንበኞች እነማን እንደነበሩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቴሌግራም ላይ የላኩልዎት ሁሉ ሁለት ራይት ሆኗል፣ ያነበቡት መሆኑን አይቻለሁ። የሆስቲንጉን ፓስወርድ ብቻ ይላኩልኝ። ፎቶዎቹ እዚያ ናቸው፤ የእናቴ ሙቀጫ ያለበት ፎቶ ሌላ ቦታ የለኝም።

ትናንት ማታ ሱቁን ዘግተን ከልጆቹ ጋር ተቀመጥን። 2,600 ሌብል ገና አልተለጠፈም፤ እንዳልጥለው የሕትመቱ ዋጋ ያማል። አንድ በአንድ ኪውአሩን በጥቁር ማርከር ስናጠቁር እስከ አራት ሰዓት አመሸን። አንድ ማርከር ሁለት መቶ ሌብል ያህል አጥቁሮ ይደርቃል። የአሥራ ሦስቱንም ማርከር ደረሰኝ ይዤልዎታለሁ። ከቫት ጋር ነው።