ይድረስ «ስልክ ቁጥርዎን ያስገቡ» ለምትለው ሳጥን

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከድሬዳዋ ሙቀትና ካንተ በስተቀር ደህና ነኝ።

«አንተ» ስላልኩህ አትቀየም። አንተ «ያስገቡ» እያልክ በአክብሮት ታናግረኛለህ። ድሬ ግን «እርስዎ» ብዙም አይሠራም። ሽማግሌውም አንተ ነው፣ አለቃውም አንተ ነው። ደግሞ ካለፈው ሐሙስ ወዲህ እኔና አንተ የምንተፋፈርበት ነገር የለንም።

ጫት ለመተው የቆረጥን አሥራ አራት ሰዎች ነን። ድሬ ውስጥ ጫት መተው ምን ማለት እንደሆነ አታውቅም፤ አንተ የምታውቀው አሥር አሃዝ ብቻ ነው። ከተማው በርጫ ላይ ሲቀመጥ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር የውሃ ላስቲክ ይዞ ብቻን መቆም ማለት ነው። ዘመድ «ታመምክ እንዴ?» ይላል። ጓደኛ «ኮራህብን» ይላል። ስለዚህ በአካል አንሰበሰብም። ግሩፕ አለን፣ ሕጉም አንድ ነው፦ ስም የለም። ሁላችንም የሰፈር ስም ወሰድን። እኔ ቀፊራ ነኝ። ሌላው ደቻቱ፣ አንዷ ለገሀሬ፣ አንዱ ሳቢያን።

ሁለት ወር ቴሌግራም ላይ ነበርን። ቁጥር መደበቅ ስለሚቻል ማን ማን እንደሆነ አናውቅም ነበር። ከዚያ ኮምፒዩተር የሚያውቀው አባላችን (ሳቢያን ነው፤ ሳይጠየቅ መናገር ይወዳል) አንድ ሌሊት ቀሰቀሰን። የቴሌግራም ግሩፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ (ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም የማያነበው) አይደለም፣ ሚስጥራዊ ቻት የሚባለው ለሁለት ሰው ብቻ ነው፣ የኛ ወሬ ኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው፣ ቁልፉም እነሱ ጋ ነው አለ። እውነቱን ነው። ደነገጥን። ዱካካችን፣ ሐራራችን፣ ገመናችን ሁሉ የሰው አገር ሰርቨር ላይ!

ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቅን። አንዱ «ሲግናል የሚባለው አፕ ይሻላል» አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ የተጠቃሚ መረጃ አምጡ የሚል መጥሪያ ደርሷቸው መስጠት የቻሉት አካውንቱ የተከፈተበትንና ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበትን ጊዜ ብቻ ነው፤ ሌላ የያዙት ነገር አልነበረም። ከ2024 ወዲህ ደግሞ ቁጥርን ደብቆ በመጠሪያ ስም መገናኘት ይቻላል። ግሩም። ለመመዝገብ ግን በሩ ላይ ማን ቆሟል? አንተ። ዋትሳፕ በር ላይስ? አንተ። የጅቡቲና የጅዳ ዘመዶቻችን የሚደውሉበት ኢሞስ? አቦ፣ አንተ ሰው፣ ስንት በር ትጠብቃለህ?

በድምፅ ብልጫ አንድ አፕ መረጥን። ስሙን አልጠራም፣ ጸቤ ካንተ ነው።

ሐሙስ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቁጥሬን አስገባሁ። ኮድ ልኬያለሁ አልክ። አልመጣም። ስድሳ ሰከንድ ቆጠርክብኝ። ድጋሚ ላክ አልኩህ፣ ድጋሚ ቆጠርክ። በሦስተኛው ሦስቱም ኮዶች ተግተልትለው መጡ። ገባሁ። «ስልክዎ ላይ የመዘገቧቸውን ሰዎች እንይ?» ስትለኝ ቸኩዬ ነበር፣ እሺ አልኩ። ጥፋቴ ያ ነው። አምናለሁ።

መጀመሪያ የነገርካት ለጫት ደንበኛዬ ነው። «ተቀላቅሏል» ብለህ። ደቂቃ ሳይሞላ የድምፅ መልእክት መጣ። «አንተ! አለህ እንዴ? አሥራ ዘጠኝ ቀን! ልቅሶ ልደርስህ ነበር እኮ! ነገ የአወዳይ ላስቀምጥልህ?» አሥራ ዘጠኝ ቀን። ግሩፑ ውስጥ እንኳ ቀኔን እንዲህ ሳያዛንፍ የቆጠረልኝ የለም።

ይሄ ቀላሉ ነው። አፑ ግሩፕ ውስጥ ላለ ሁሉ የሁሉንም ቁጥር ያሳያል። ስልኬ ላይ የመዘገብኩት ሰው ካለ ደግሞ በመዘገብኩት ስም ብቅ ይላል። ደቻቱ ብቅ አለ። «አለቃ አታንሳ» ሆኖ።

ደቻቱን ሁለት ወር ወንድሜ አድርጌው ነበር። ሌሊት ዱካክ ሲያስጮኸው የማጽናናው እኔ ነኝ። አንድ ቀን «አንድ ሠራተኛዬ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ጥርሴን አመመኝ ብሎ ይወጣል፤ ምን ላድርገው?» ብሎ ጠየቀን። ድሬ ውስጥ ስምንት ሰዓት ላይ ጥርሱን የማያመው ሠራተኛ የትኛው ነው? እኔ እሆናለሁ ብዬ አልጠረጠርኩም። «አትሳሳለት፣ ማስጠንቀቂያ ጻፍበት» ብዬ መከርኩት። ሦስት ሰው አውራ ጣት ሰጠኝ።

ዓርብ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ደብዳቤ ጠበቀኝ። ማኅተም ያለበት። ግልባጭ ለሰው ሀብት። ምክሬን ሰምቷል። ኮሪደር ላይ ስንተላለፍ እሱም መሬት አየ፣ እኔም መሬት አየሁ። ወለሉ ላይ ስንት ሸክላ እንዳለ አሁን አውቃለሁ።

እስከዚህ ድረስ እስቃለሁ። ለገሀሬ ላይ ስደርስ ግን አልስቅም።

ለገሀሬ ዘጠኝ ዓመት ከባሏ ደብቃ የቃመች ሴት ናት። ለማንም ተናግራ አታውቅም፣ ለኛ ብቻ። ሐሙስ ማታ ቁጥሯ እንደወጣ አንዱ ሳያስብ «ይሄ የእንትና ሚስት ቁጥር አይደለም እንዴ?» ብሎ ጻፈ። አጠፋው። ግን ሁላችንም አንብበነዋል። አራት ደቂቃ ሳይሞላ «ለቃ ወጥታለች» አልከን። ይሄንንም አንተ ነህ የነገርከን። ምን አደረገችህ? ማን ነኝ ብላ ዋሸችህ? ሰላሳ ሁለት ቀን ነበራት። ከሁላችንም የምትበልጠው እሷ ነበረች።

ቁጥር ብቻ ነው ትለኝ ይሆናል። እዚህ አገር ቁጥር ቁጥር አይደለም። የማናውቀው ሰው ሲደውል ምን እናደርጋለን? ገንዘብ መላኪያው ላይ ገብተን አምስት ብር የምንልክ መስለን ቁጥሩን እንመታለን። ስሙ ይወጣል። አምስቱን ብር አንልክም።

በወረቀትም አውቅሃለሁ። እህቴ አንድ ቢሮ ስትገባ የዘበኛው መዝገብ ላይ ቁጥሯን ጻፈች። ጉዳይዋ ሳያልቅ፣ ማታውኑ «ቆንጆ፣ ቀን አይቼሽ ነበር» የሚል ተደወለላት።

«ሁለተኛ ሲም አውጣ» የሚሉኝ አሉ። መታወቂያ ይዤ፣ ተሰልፌ፣ ሲስተም የለም ተብዬ፣ ነገ ተመልሼ፣ በዚያው በስሜ የሚመዘገብ ሌላ ቁጥር ላወጣ። ስሜን ለመደበቅ።

አሁን ማትሪክስ የሚባል ላይ ነን። ኤለመንት በሚባል አፕ ይከፈታል፣ ስልክ ቁጥር የግድ አይልም። አንተ በር ላይ የለህም፤ በአንተ ፋንታ ረጅም የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ሰጡን። እሱን ጥሎ ከአፑ የወጣ ሰው ሲመለስ የድሮውን ወሬ መክፈት ያቅተዋል። ሁለቱ እስካሁን ጥለዋል። ምንም አይደል፣ የትናንቱም ወሬ ሐራራ ነበር፣ የዛሬውም ሐራራ ነው። ከአሥራ አራታችን ዘጠኝ ቀርተናል። ደቻቱም መጥቷል፣ ስሙን ቀይሮ። አላወቅኩትም። እሱም አላወቀኝም።

ለገሀሬ ግን አዲሱ ቦታችን የት እንደሆነ አታውቅም። የሚነግራት የለም። ቁጥሯ ስልኬ ላይ አለ፣ ያንተ ስጦታ ነው። ሁለት ጊዜ ልደውል አውጥቼው መልሼ ዘጋሁት። «ቁጥሬን ከየት አገኘህ?» ብትለኝ ምን ልላት ነው? ባሏ ቢያነሳውስ?

አክባሪህ፣
ቀፊራ
አድራሻ፦ ድሬዳዋ
ስልክ፦ አንተ ጋ አለ።