ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር መቀየሪያ

ለ፦ ክቡር ማርክ 21ን ወደ ቢብፍሬም መቀየሪያ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አንዱን ልብወለድ ሦስት ስለማድረግዎ

ክቡርነትዎ የቤተ መጻሕፍታችንን የካታሎግ መዝገቦች መስኮቹ በቁጥር ከሚጠሩት ከነባሩ ማርክ 21 ወደ አዲሱ ቢብፍሬም ቅርጽ የሚቀይሩ ፕሮግራም እንደመሆንዎ፣ ሰሞኑን በትልቁ ስክሪን፣ ኃላፊዎች በተሰበሰቡበት ለዋሉልን ውለታ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ከሩሲያኛ የተተረጎመ፣ ሦስት ጊዜ የታተመ አንድ ልብወለድ በእርስዎ ጥበብ ሦስት የተለያየ ድርሰት ሆኖ ወጣ። አንዳቸውም ከሩሲያኛው ጋር አይተዋወቁም። «እስካሁን ስትሠሩ የከረማችሁት ይህንን ነው?» ስንባል፣ እርስዎ «ስህተት፦ 0» የሚል ሪፖርት አወጡ።

ምክንያቱ አይጠፋንም። ድርሰትን የሚለዩት የ100 መስክን ደራሲ ከ240 ወጥ ርእስ፣ 240 ከሌለ በመጽሐፉ ላይ ከታተመው ከ245 ርእስ ጋር አጣምረው ነው። አንደኛው ኅትመት «ፀሐይ» ይላል፣ ሁለተኛው «ጸሐይ»፣ ሦስተኛው «ፀሀይ»። የላቲኑን ትልቅና ትንሽ ፊደል ማቻቻል ሲያውቁበት፣ ሀ እና ሐ ግን ለእርስዎ ባዕዳን ናቸው። 240 ላይ የሩሲያኛው ርእስ ቢሞላ ኖሮ ሦስቱም ይሰበሰቡ ነበር፤ አልተሞላም። የቋንቋው መስክ 041 ግን ጠቋሚው 1 ሆኖ፣ ንዑስ መስክ ኤች የሩሲያኛን ኮድ ይዞ «ትርጉም ነኝ» እያለ ይመሰክር ነበር። ምስክሩን ማን ጠየቀው?

ተርጓሚውን፣ ተጨማሪ ስሞች በሚገቡበት 700 ላይ ድርሻው ስላልተጻፈ፣ «አስተዋጽኦ አድራጊ» አሉት። ሻይ ያፈላላቸውም አስተዋጽኦ አድርጓል።

ዘመኑማ ይቅር። 008 መስክ ላይ፣ የኅትመት ዓመት በሚገባበት ከ07 እስከ 10 ባለው ቦታ፣ 1958 ተብሎ ገብቷል፤ የኛው ዓመተ ምሕረት ነው፣ በአውሮፓውያኑ 1965 ወይም 1966። ሩሲያኛው የወጣው በአውሮፓውያኑ 1962 ነው። እንግዲህ በእርስዎ አቆጣጠር ተርጓሚው ገና ያልታተመ መጽሐፍ አራት ዓመት ቀድሞ ተርጉሟል። አስተዋጽኦ አድራጊ ሳይሆን ነቢይ ነው።

ተርጓሚውን በአባቱ ስም ስለመደርደርዎ ሌላ ጊዜ እንጽፋለን።

ከዚያ ደግሞ ኤልአርኤም ወደሚባለው ሌላ የካታሎግ ሞዴል ይሻገሩ ተባሉ። እዚያ ትርጉም የዚያው ድርሰት አንድ አገላለጽ ነው፤ በቢብፍሬም ግን ራሱን የቻለ ድርሰት ሆኖ ከምንጩ ጋር በማያያዣ ይገናኛል። ማያያዣ የለ፣ ከማን ሥር ይግባ? ክቡርነትዎ ስም የለሽ ድርሰት ፈጥረው ሥሩ ወሸቁት።

ሦስቱን በግድ አዋህዱ ሲባሉም የመጀመሪያውን መዝገብ አስቀርተው የሌሎቹን የማስታወሻ መስክ፣ 500ን፣ ጣሉ። እዚያ «የመጨረሻው ምዕራፍ በዚህ ኅትመት የለም» የሚል ማስታወሻ ነበር። ይህን ለመጻፍ ኅትመቶቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ ገጽ በገጽ ያስተያየ ሰው አለ! አሁን አንባቢ ጎደሎውን ተውሶ ይሄዳል፣ መጉደሉንም አያውቅም። ማንም አልነገረውማ። መጀመሪያ ሃምሳ መዝገብ ለሙከራ አስኪዶ፣ የወጣውን ከገባው ጋር መስክ በመስክ ማስተያየት፣ ያልተቀየረውንም ለብቻው ፋይል ማስቀመጥ ማንን ገደለ? ለኃላፊዎች የሚታይበት ቀን አስቀድሞ ተቆርጦ ነበርና ጊዜ የለም ተባለ።

እስከዚያው 240ን በእጃችን እየሞላን ነው።

ከሰላምታ ጋር
የካታሎግ ክፍል

ግልባጭ፦
ለ500 መስክ (የሚገኝ ከሆነ)