ፎርዋርድ የተደረገ ይቅርታ

ትናንት ማታ ልተኛ ስል ስልኬ ጮኸች። ቅዳሜ ዕቃ ላግዝህ እመጣለሁ ብሎኝ የቀረው ጓደኛዬ ነው። «አውቄም ሆነ ሳላውቅ ካስቀየምኩሽ ከልቤ ይቅርታ አድርጊልኝ» ይላል። ከስሩ ሁለት የተጋጠሙ እጆችና አንድ አበባ። ከላይ በትንሹ ደግሞ «ፎርዋርድድ»።

እኔ ወንድ ነኝ። እሱም ያውቃል፣ አስራ ሁለት አመት ያውቀኛል። ሽን ህ፣ ጊን ግ ማድረግ ነበር እኮ፣ ሁለት ፊደል! ለሁለት ፊደል ጣቱን ማንሳት የደከመው ሰው አራተኛ ፎቅ ድረስ ቁምሳጥን ይሸከምልኛል ብዬ ደረጃው ስር አንድ ሰአት ተኩል የጠበቅኩት እኔው ነኝ ሞኙ። በመጨረሻ ስሙን እንኳ የማላውቀው አዲሱ ጎረቤቴ አዘነልኝና አብሮኝ ተሸከመ። ሶስተኛ ፎቅ መታጠፊያው ላይ «ቆይ፣ ቆይ» ሲል እኔ ገፋሁት መሰለኝ፣ ጣቱ ከግድግዳው ጋር ተጣበቀ። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ቃሉን ራሱን አስቡት እስቲ። ይቅርታ የመጣው «ቀረ» ከሚለው ነው፣ ይቅር ማለት ይተው፣ ይለፍ ነው። እንግዲህ ጓደኛዬ ቅዳሜ ራሱ ቀረ፣ አሁን ደግሞ መቅረቱም ይቅር ይለኛል። ያልቀረው ቁምሳጥኑ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን «ካስቀየምኩ» ላይ የተለጠፈችው «ከ» ነች። ትንሽ መስላ ስንት ስራ እንደምትሰራ። መቀየምህ ገና አልተጣራም፣ ተቀይመህ ከተገኘህም የራስህ ሆድ ችግር ነው ማለቷ እኮ ነው። እግሬ ላይ እንደቆመ «ረግጬህ ከሆነ ይቅርታ» የሚል ሰው አለ። ኧረ ውረድና እናጣራው! የአክስቷ ልጅ ደግሞ «ከይቅርታ ጋር» ነች፣ ቅድመ ክፍያ በሏት። «ከይቅርታ ጋር ግን አንተ ስግብግብ ነህ»። ከፍሎ ነው የሰደበኝ፣ ምን እላለሁ? መስሪያ ቤቶች ጋ ስትደርሱ ደግሞ «ለተፈጠረው ስህተት ይቅርታ እንጠይቃለን» ይመጣል። ተፈጠረ! ማንም አልሰራውም፣ ብርሃን ይሁን ተብሎ እንደተፈጠረው እሱም በስድስቱ ቀን ውስጥ አብሮ ተፈጥሮ ሳይሆን አይቀርም።

በዚህ መሀል ሁሌ የምወደው ተረት ትዝ ይለኛል፣ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት»። ሌባው በሌሊት መስኮት ከፍቶ አንድ እግሩን አስገብቶ ትንፋሹን ውጦ እህ እህ ሲል ይታየኛል፣ ብቻዬን እስቃለሁ። ግን ስንት አመት ስቄበት ስቄበት አንድ ነገር ገባኝ፣ ተረቱ ሌባውን እንጂ ሳሉን ያስያዘውን ሰው አይጠይቅም። ቂሙንም እንደዛው። የያዘው ይወቀሳል፣ ያስያዘው ጎረቤት ቤት ተኝቶ ያንኮራፋል።

ይሄን የምለው በመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። አምስተኛ ክፍል እያለሁ አንድ ልጅ ደብተሬን ውሃ ውስጥ ከተተብኝ፣ ያውም ስዕል የሞላበትን። እያለቀስኩ ሳባርረው መምህራችን ሁለታችንንም ጆሯችንን ይዘው አቆሙንና ምን እንደሆነ አንዲት ቃል ሳይጠይቁ «ተጨባበጡ!» አሉ። ተጨባበጥን። ልጁ መምህሩን በፈገግታ እያየ ጣቶቼን እስኪንኳኩ ጨመቀኝ። «ጎበዞች፣ ጓደኛማቾች ናችሁ» ተብለን ወደ ቦታችን ሄድን። ደብተሩ እዛው ውሃ ውስጥ ነበር። እስከዛሬ ሰው አጥብቆ ሲጨብጠኝ ደብተሬን የት አስቀመጥኩ እላለሁ።

አስታራቂ ሁሉ እንደ መምህሬ ነው አልልም፣ የሚበዛው ግን የሚፈልገው እርቁን ሳይሆን ጸጥታውን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደተበደለው ነው፣ እሱ ነዋ የሚጮኸው። «ተወው በቃ፣ አንተ ሆደ ሰፊ ሁን» ይሉሃል። ለምን እኔ? የበደለው ሰውዬ ሆዱን ማን ለካው? ለሱ ሲሆን «ጠባዩ ነው፣ ታውቀው የለ» ነው። እሱ ጠባይ ይኑረው፣ እኔ ሆድ ልስፋ። ከዛ «ይቅር ብያለሁ» ካላልክ ጭራሽ ቂመኛው አንተ ትሆናለህ፣ ያኔ ይቅርታ የምትጠይቀው አንተ ነህ ማለት ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፣ ልክ ናቸው፣ ግን ዛሬ ዛሬ የተወጋው አለመርሳቱም እንደጥፋት እየተቆጠረበት ነው።

ለነገሩ በእግር ተኬዶ፣ በብርድ ተቁሞ የተጠየቀም ይቅርታ ሁሌ አይጸናም። የጀርመኑ ንጉሥ ሄንሪ 4ኛ፣ የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 7ኛ አውግዘውት ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1077 ጥር ላይ ጣሊያን ካኖሳ ድረስ ሄዶ በበረዶ ከግንቡ ውጪ ሶስት ቀን በባዶ እግሩ ቆመ ይባላል። ማሩት። በ1080 እንደገና አወገዙት፣ በ1084 እሱ ጦሩን ይዞ ሮም ገብቶ የራሱን ጳጳስ ሾመባቸው። ሶስት ቀን በረዶ ሶስት አመት ነው የያዘው። የኔው ሜሴጅ ስንት ቀን ሊይዝ ነው?

ሲቀናው ደግሞ ያለ ቃልም ይሆናል። ቪሊ ብራንት የምዕራብ ጀርመን መሪ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1970 መጨረሻ ፖላንድ ዋርሶ ሲሄድ ናዚዎች የፈጇቸው አይሁዶች መታሰቢያ ፊት አበባ አስቀምጦ ድንገት በጉልበቱ ተንበረከከ፣ አንዲት ቃል አልተናገረም። «ከ»ም የለ፣ «ተፈጠረ»ም የለ። የሚገርመው ሰውየው ራሱ በ1933 ከናዚዎች ሸሽቶ ኖርዌይ የገባ ነው፣ ገዳይ አልነበረም። ሌላው ባጠፋው እሱ ተንበረከከ። አገሩ ውስጥ አንድ መጽሔት ሰዉን ሲያስጠይቅ 48 ከመቶው «አበዛው» አለ፣ 41 ከመቶው ልክ ነው አለ። በሰው ጉልበት አበዛው!

እና ለጓደኛዬ ምን ልመልስለት? «ምንም አይደል» ጻፍኩና አጠፋሁት፣ ምክንያቱም ምንም ሳይሆን ቁምሳጥን ነበር። «ይቅር ብዬሃለሁ እህቴ» ልለው አሰብኩ፣ እሱንም ተውኩት። ለነገሩ ይሄ ሜሴጅ መጀመሪያ የተላከላት ሴትዮ ትኖራለች አይደል፣ እሷስ ምን ብትመልስ ነው ለኔም የተላከው?

ዛሬ ጠዋት ይሄን እያውጠነጠንኩ ስወርድ ጎረቤቴን ደረጃው ላይ አገኘሁት። ጣቱ ላይ ፕላስተር አለ፣ ጥፍሩ ከስሩ ጠቁሮ ይታያል። «ጣትህ እንዴት ሆነልህ?» አልኩት። «ደህና ነው» አለኝ። «አይዞህ፣ ይለቃል» አልኩትና ስለረፈደብኝ ወረድኩ።