ለወላጅ እውነቱ ሳይሸራረፍ ይነገረው

«የኮቪድ ክትባት ልብ ያቆማል አሉ። ልጄን ላስከትበው ወይስ ልተው?» ይህን ጥያቄ እዚህ አሜሪካ ከብዙ ሐበሻ ወላጆች ሰምቻለሁ። አንዱ «ምንም የለውም» ብሎ ይመልስላቸዋል። ሌላው በቴሌግራም የተላከለትን አስፈሪ ቪዲዮ ያስተላልፍላቸዋል። ሁለቱም አልረዷቸውም።

እኔ የኮቪድ ኤምአርኤንኤ ክትባት ለአብዛኛው ታዳጊ ጉዳት የለውም ብዬ አምናለሁ። ክትባቱ ለሴሎቻችን የቫይረሱን አንድ ፕሮቲን አሠራር የሚያሳይ መልእክት ነው። መልእክቱ ቶሎ ይፈርሳል፤ ዘረመል ወዳለበት አስኳልም አይገባም። የፋይዘር ክትባት ከ12 እስከ 15 ዓመት ባሉ 2,260 ልጆች ላይ ሲሞከር ለማነጻጸር የጨው ውሃ ብቻ ከተወጉት 18ቱ በኮቪድ ታመሙ። ከተከተቡት ግን አንድም አልታመመም።

ይሁን እንጂ ከብዙ ሺህ አንዱን የሚነካ ጉዳት በዚህ ቁጥር ውስጥ አይታይም። የታየው ሚሊዮኖች ሲከተቡ ነው፤ ቀድሞም የብዙ ወገኖቻችን ልጆች በሚማሩበት በእስራኤል። እ.ኤ.አ. በጁን 2021 የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር ከአምስት ሚሊዮን በላይ ከተከተቡ ሰዎች መካከል 275 የልብ ጡንቻ ብግነት መመዝገቡን አስታወቀ። ሐኪሞች ማዮካርዳይተስ ይሉታል። ይበልጥ የያዛቸው ወጣት ወንዶችን ነው፣ በተለይ ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉትን፣ ያውም ከሁለተኛው መርፌ በኋላ። አብዛኞቹ ሆስፒታል የቆዩት ከአራት ቀን ያልበለጠ ነው። ቫይረሱ ራሱም ቢሆን ልብን ያስቆጣል።

የሚቆጨኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። በሁለቱ መርፌዎች መካከል ጊዜው ሲረዝም አደጋው ይቀንሳል። ካናዳ ቀድማ ስምንት ሳምንት እንዲሆን መከረች። ስዊድን ሌላውን የኤምአርኤንኤ ክትባት፣ ሞደርናን፣ ለወጣቶች መስጠት አቆመች፤ ክትባትን ግን አልተወችም። አሜሪካ ውስጥ ግን ለታዳጊ ወንዶች እስከ ስምንት ሳምንት መጠበቅ እንደሚሻል የተነገረው በፌብሩዋሪ 2022 ነው። እስከዚያ ድረስ ስንት ልጅ ሁለተኛውን መርፌ በተለመደው የሦስት ሳምንት ልዩነት ተወጋ! ይህን ማለት ክትባቱን መቃወም አይደለም። ቀድሞ ቢነገር ኖሮ ወላጁ የቪዲዮውን ሰው አያምንም ነበር።

ለአንዲት እናት በአማርኛ መንገር ደግሞ ከባድ አይደለም። ሁለተኛ መርፌ የሚሰጠው ከሆነ በመካከል ያለውን ጊዜ ለማራዘም ሐኪሙን ጠይቂ። ልጁ ከተወጋ በኋላ ባለው ሳምንት ከባድ ስፖርት ይተው፤ ሲንጋፖር ለታዳጊዎቿ ይህንኑ መክራለች። ደረቴን አመመኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ልቤ መታብኝ ካለሽ ሳታድሪ ሐኪም ቤት ውሰጂው። መከተቡንም ለሐኪሙ ንገሪው።